የበርበሬው መዝሙር

እኔ ሳል ለቃሚ ነኝ። መታወቂያዬ ላይ «የትርፍራፊ አድማጭ፣ ደረጃ ሦስት» ይላል፤ ሆሳዕና ውስጥ ግን እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ አንድም ሰው የለም። ሚኒባስ ውስጥ ስገባ «ሳል ለቃሚው፣ ወደ ውስጥ ጠጋ በል» ይሉኛል፣ እኔም ጠጋ እላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ሳል ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም ሊወጣለት አይችልም።

ሥራው እንዲህ ነው። ሰዎች ከሣጥን ሥር፣ ከሟች ሻንጣ፣ ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የድሮ የመዝሙር ካሴት ያገኛሉ። ወደኛ፣ ወደ መዝሙር ማደሻው ያመጡታል። አዳሹ ማሽን ይውጠውና በአርባ ደቂቃ ውስጥ አዲስ አድርጎ ያወጣዋል፤ ቤዝ አለው፣ ድራም አለው፣ ማሲንቆ የሚመስል ግን ማሲንቆ ያልሆነ ነገር አለው፣ የአሥር ሺህ ሰው ጭብጨባ አለው። ከካሴቱ የማይፈልገውን ደግሞ ለብቻው ያስቀምጣል። ሳል፣ የዶሮ ጩኸት፣ የወንበር ሲጢጥታ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ የሕፃን ለቅሶ። ትርፍራፊ የምንለው ይህን ነው። እኔ ትርፍራፊውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳምጬ እፈርማለሁ፣ በሰባተኛው ቀን ይጠፋል።

ለምን ሰው ያዳምጠዋል? አንድ ጊዜ አዳሹ የአንድ ሽማግሌን የመዝጊያ ጸሎት የዝንብ ድምፅ መስሎት ጣለውና ቤተሰቡ ፍርድ ቤት ቆመ። ለምን ይጠፋል? ሰዎች ከሟች ሳልና ሹክሹክታ ሙሉ ሰው እየሠሩ ራት ላይ ማስቀመጥ ስለጀመሩ። አንድ አባት በሞተ በአራት ዓመቱ ልጁን ሠርጓ ላይ መርቋል፣ ምርቃቱም ረዘም ያለ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ ትርፍራፊ ከቢሮ አይወጣም፣ አይቀዳም። ቅጹ ላይ አራት ሳጥን አለ፤ ጸሎት፣ ዝማሬ፣ ምስክርነት፣ ሌላ። ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንዱ ከተገኘ ለባለቤቱ ይመለሳል። «ሌላ» የተባለው ይጠፋል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ «ሌላ» ያላልኩት አሥራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ደስተኛ ሰው ነኝ፣ ለምን እደብቃለሁ። ጠዋት ቤቱ በመዝሙር ይቀሰቅሰኛል፤ እንዴት እንዳደርኩ አይቶ የሚስማማኝን ይመርጥልኛል። ባለቤቴም በአልጋው በወዲያ በኩል የራሷን ትሰማለች። ከተጋባን አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነው። በአንድ ጠዋት አንድ መዝሙር ሰምተን አናውቅም፣ ተጣልተንም አናውቅም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከቅርጫት መቃኛ አንስተን ኮሌታችን ላይ እንሰካለን። መቃኛዋ ቁልፍ ታክላለች፤ ካፋችን የሚወጣውን ይዛ፣ አስተካክላ ትለቀዋለች። ስድስት መቶ ሰው ሲዘምር አንድ ሰው እንኳ ከዜማ አይወጣም። እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ ከ«ለ» መዘምራን የተባረርኩ ሰው ነኝ፤ መሪያችን በፍቅር ጠርቶ «ወንድም ጌዲዮን፣ አንተ ወንበር በመደርደር ጸጋ አለህ» ነው ያለኝ። ዛሬ ግን በመቃኛዋ እንደ መልአክ እዘምራለሁ። ድምፁ የኔ አይደለም፣ ቅር አይለኝም። ወንበሩንም አሁንም የምደረድረው እኔ ነኝ።

ፌበን ካሴቱን ይዛ የመጣችው በሚያዝያ አንድ ዓርብ ነው፣ በ2052። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የኢዮቤልዩ ኮሚቴ ጸሐፊ ናት፤ ነገር የማይዘገይባት፣ ፈጣን ልጅ።

«ጋሽ ጌዲዮን፣ ይቺን አደራ» ብላ በሻሽ የተጠቀለለውን ካሴት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

ቁጭ ብላ ታሪኩን ነገረችኝ። በ1974፣ ጸሎት ቤቱ በደርግ ታሽጎ አብዮት ጠባቂ ሰፈሩን ሲያስስ በነበረ ጊዜ፣ ስድስት መዘምራን በአንድ ሰው ጓዳ ተሰብስበው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንድ መዝሙር ቀዱ። ካሴቱ ገጠር ላሉ ምእመናን በእህል ከረጢት ውስጥ ተልኮ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ዘንድሮ አንድ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ከግድግዳው ውስጥ ተገኘ። ታድሶ ከዘጠኝ ቀን በኋላ በኢዮቤልዩው እሁድ ሊሰማ ነው።

አዳሹ ሥራውን ሲጨርስ ወረቀቱን አብረን አየን። ስድስት ድምፅ ይላል፤ ሦስት ወንድ፣ ሦስት ሴት። ከኮሚቴው የስም ዝርዝር ጋር ቁልጭ ብሎ ገጠመ። ስድስቱም አርፈዋል። ፌበን ግን ደስ አላላትም።

«ምነው?» አልኳት።

«የእናቴ አክስት አለች፣ እትዬ ደመቀች። ዘጠና ዓመቷ ነው። ካሴቱ ተገኘ ሲባል ‹እኔም አለሁበት› አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም። ትኖርበት ይሆን ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።»

«ምናልባት ድምጿ ደክሞ...»

«ስድስት ነው የሚለው ጋሽ ጌዲዮን። ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ማን ያዘምራታል። ሰው ሲያረጅ የሰማውን ሁሉ የኖረበት ይመስለዋል። እሺ እንላታለን።»

እሺ እንላታለን የሚለው ነገር ሆዴ ውስጥ ቀረ። እናቴንም በመጨረሻ ዘመኗ እሺ እንላት ነበር። ግማሹ እውነት እንደነበረ የገባን ከቀበርናት በኋላ ነው።

ትርፍራፊውን ማክሰኞ ጠዋት ከፈትኩት። መጀመሪያ እንደ ወትሮው ነበር፣ የቴፑ ሽታ... ድምፁ ማለቴ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆን ድምፁም ይሸታል። ከሁለተኛው አዝማች ጀምሮ ግን ሳል መጣ። አንዱ ሳለ፣ ሌላዋ ሳለች፣ ከዚያ ሁሉም። አርባ አንድ ሳል ቆጠርኩ። እኔ የሳንባ በሽተኛን፣ የሲጋራ ሱሰኛን፣ የጉንፋንን ሳል በጆሮዬ እለያለሁ፤ ይህ ግን አንዱም አይደለም። ስድስት ጤነኛ ሰው በአንዴ የሚያስል ነገር ምንድነው?

ከሳሉ ሥር ደግሞ ዱቅ፣ ዱቅ፣ ዱቅ የሚል ነገር አለ። አዳሹ «የቴፕ ሞተር እንከን» ብሎ ለጥፎበታል። እኔም ሞተር መስሎኝ አልፌው ነበር። መልሼ ስሰማው ግን ሞተር እንዲህ አይመታም። ዜማውን እየጠበቀ ነው የሚመታው፤ አንዳንዴ ጥቂት ይዘገያል፣ እንደገና ይደርሳል። ድካም አለበት። ሰው ነው እጁን እያነሳ የሚጥለው።

ከዚያ ቆመ። ሳሉም አብሮ ቆመ። ከሩቅ፣ ከደጅ በኩል የወንድ ድምፅ ተሰማ።

«ማነሽ አንቺ፣ ምንድነው የምትወቅጪው?»

«በርበሬ ነው ጋሼ» አለች አንዲት ልጅ።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ። እናቴ ገበያ ናት።»

ሰውዬው ሊጨምር ያለው ነገር ነበር፣ ግን አስነጠሰው። ደገመው። ሠለሰው።

«ይማርዎት ጋሼ» አለች ልጅቷ።

አጉረመረመ፣ ጫማው ከደጁ ራቀ። ጥቂት ዝም። ከዚያ ስድስቱም በአንዴ ሳላቸውን ለቀቁት፤ ሊታፈኑ ደርሰው እንደነበር ያስታውቃል። ዱቅ ዱቁ ቀስ ብሎ ጀመረ።

ሰዓቱን አየሁ፤ ሃምሳ ሦስት ሰከንድ። ስድስት ሰው በርበሬ በጉሮሮው ይዞ ሃምሳ ሦስት ሰከንድ አንድ ሳል አልሳለም። አዳሹ ይህን ሁሉ ቆርጦ አውጥቶ፣ ከፊትና ከኋላ ያሉትን ስንኞች ገጣጥሟቸዋል። በታደሰው ላይ «በሩን ዘግተን ተቀመጥን፣ አንተ ግን መሃላችን ነህ» ተብሎ ያለ ትንፋሽ ይዘመራል። በካሴቱ ላይ ግን በሁለቱ ስንኞች መካከል አብዮት ጠባቂው መጥቶ ሄዷል።

ቅጹን ይዤ ወደ አለቃዬ ወደ ኢዮስያስ ገባሁ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ትሑት ልጅ ነው፣ ከአለቃነቱ በላይ ደንቡን ይፈራል።

«ዝማሬ ላይ ምልክት ላደርግ ነው» አልኩት።

አዳመጠው። ሁለት ጊዜ አዳመጠው፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። «ጋሽ ጌዲዮን፣ ይሄ ውቀጣ ነው» አለ።

«ዜማውን ጠብቆ የሚመታ ነገር ምን ይባላል? ከበሮ ቢሆን ዝማሬ ትለው ነበር።»

«ከበሮ ቢሆን አዳሹ አይጥለውም ነበር።»

«እሺ፣ ጸሎትም አለበት። ‹ይማርዎት› ብላዋለች።»

ሳቀ። «ይማርዎት ጸሎት ከሆነማ ጉንፋን የያዘው ሰው ቤት ሁሉ የጸሎት ቤት ሊሆን ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ያባርሩናል።» ከዚያ ቅጹን ወደኔ ገፋው። «ልጅቷ ማንም ልትሆን ትችላለች። በርበሬ ስትወቅጥ የነበረች የጎረቤት ልጅ። ከመዘምራኑ አንዷ እንደነበረች የሚያውቅ ሰው ካለ ያምጡልኝ። ካልሆነ ዓርብ በአምስት ሰዓት ይጠፋል።»

ፌበንን ደወልኩላትና እትዬ ደመቀችን ሐሙስ እንድታመጣት ነገርኳት። ስለ ውቀጣው ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ አስጠንታ አመጣቻት እንዳይባል።

እትዬ ደመቀች በፌበን ክንድ ተደግፋ ገባች። አጭር ናት፣ ነጭ ነጠላ፣ ሰፋ ያለ እጅ። ወንበር ሳብኩላት። ኢዮስያስም መጥቶ በሩ አጠገብ ቆመ።

መጀመሪያ የታደሰውን አሰማናት። ክፍሉ ሁሉ ሞላ። እውነቱን ለመናገር ያምራል፤ ስድስቱ ሰዎች ድምፃቸውን ሳይፈሩ ቢለቁት ኖሮ እንዲህ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። እሷ እስኪያልቅ ሰማችው።

«በጣም ያምራል» አለች። «የማን ነው?»

ፌበን ወደኔ አየች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «የናንተው ነው እኮ እትዬ። ካሴቱ ነው።»

«ይሁን እንግዲህ» አለች አሮጊቷ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጥፋ። እሺ ስትባል የከረመች ሴት በተራዋ እሺ አለችን።

ያን ጊዜ ትርፍራፊውን ለቀቅኩት። ዱቅ፣ ዱቅ፣ ዱቅ። ዜማ የለም፣ ቃል የለም፣ ያ ነገር ብቻ።

ቀኝ እጇ ከጭኗ ተነሳ። ወረደ። ተነሳ። ጣቶቿ የሌለ ዘነዘና ጨብጠዋል፣ ከንፈሯ በዝምታ ስንኙን እያለ ነው። ሳሉ ሲጀምር ፈገግ አለች፣ እጇ ግን አላረፈም። ኢዮስያስ ከበሩ ተነስቶ ቀረብ አለ። ከዚያ፣ ገና ቴፑ እየወቀጠ ሳለ፣ እጇ አየር ላይ ቀጥ አለ። አንድ ምት ቀድማ። የግራ እጇን ጣት ወደ ከንፈሯ አነሳች፣ ፌበንን በዓይኗ ዝም በይ አለቻት። ቴፑ ቆመ።

ሰውዬው መጣ፣ ጠየቀ፣ አስነጠሰ። እትዬ ደመቀች እስኪሄድ ድረስ አልተነፈሰችም። ይህን ካሴት በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም፤ በታደሰው ላይም መቆሚያ የሚባል ነገር የለም። ኢዮስያስ ከጠረጴዛዬ ላይ እስክሪብቶ አነሳና ዝማሬ የሚለው ሳጥን ላይ ራሱ ምልክት አደረገ።

«ጥበቃ ላይ አስቀምጠውኝ ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። «የበሩ ደፍ ላይ ሙቀጫ ይዤ። ሰው ሲመጣ ሳይ ማቆም፣ ሲሄድ መጀመር። ውቀጣው ድምፃቸውን ይሸፍናል፣ ለዜማውም መምቻ ይሆናቸዋል።»

«ለምን አንቺን?» አለች ፌበን። «ለምን አብረሽ አልዘመርሽም?»

«ድምፄ ይጎላላ። ዝቅ አድርጊ ሲሉኝ አልችልበትም ነበር። ‹አንቺ ከዘመርሽ ቀበሌው ድረስ ይሰማል› አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው።» ከዚያ ሳቋ መጣ። «በቆሎ ነበር የታዘዝኩት። በቆሎው አልቆ ኖሮ ሰፌድ ላይ ያገኘሁት በርበሬ ነው፣ ምን ቸገረኝ ብዬ። ነፋሱ ደግሞ ወደ ጓዳ። ሲጨርሱ ዓይናቸው ፍም መስሎ ወጡ። ‹ደመቀች ልትገድይን ነበር› አሉኝ። እስኪሞቱ ድረስ በዚህ ሲያሾፉብኝ ኖሩ።»

ፌበን ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን አቀፈቻት። «ይቅር በይኝ እትዬ» አለች። አሮጊቷ ምን እንደበደለቻት የገባት አልመሰለኝም፤ የፌበንን ራስ እየዳበሰች «ተነሺ ልብስሽ አቧራ ይዟል» አለቻት።

የኢዮቤልዩው እሁድ ወንበሩን የደረደርኩት እኔ ነኝ። ኮሚቴው ቅዳሜ ግማሽ ቀን ተከራክሯል። የፌበን ሐሳብ ትርፍራፊውን ማሰማትና ሕዝቡ መቃኛውን አውልቆ በላዩ ላይ እንዲዘምር ነበር። ሰው ይሸማቀቃል ተባለ። ወጣቶቹ የራሳቸውን ድምፅ ሰምተው አያውቁም፣ ይደነግጣሉ ተባለ። በመጨረሻ ሁለቱም ይሁን ተብሎ ታረቁ፤ መጀመሪያ የታደሰው፣ ቀጥሎ ትርፍራፊው።

የታደሰውን ቆመን አጨበጨብንለት። ከዚያ ፌበን መድረክ ላይ ወጥታ በአጭሩ ነገረቻቸው፤ ስለ ጓዳው፣ ስለ ሙቀጫው፣ ስለ ልጅቷ። መቃኛዎቻችንን አውልቀን ኪስ ከተትን። ጠዋት በር ላይ አንዱ አስተናጋጅ ለእትዬ ደመቀች መቃኛ ሊሰካላት ሲል «ይሄ ምንድነው?» ብላው ነበር። «ድምፅ ያስተካክላል እትዬ።» «የኔ ምን ሆነ?» ብላ አልፋው ገባች።

ዱቅ፣ ዱቅ፣ ዱቅ አለ አዳራሹ። መጀመሪያ ማንም አልደፈረም። ስድስት መቶ ሰው ተያየ። ከፊተኛው ወንበር አንድ ድምፅ ተነሳ፣ ሻካራ፣ ጎላ ያለ፣ ሰባ ስምንት ዓመት ዝቅ በይ ሲባል የኖረ። ከዚያ ፌበን ተከተለች። ከዚያ ሁላችን። ምኑ ይነገራል፣ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይጎትታል፣ ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ እንደ በር ሲጢጥ ይላል። እኔማ ያው እኔ ነኝ፤ ያ መሪያችን በሕይወት ቢኖር ወንበር ያሲዘኝ ነበር። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። ድምጿን ሰማሁት። ትንሽ ይንቀጠቀጣል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሰምቼው እንደማላውቅ ያኔ ነው የገባኝ፤ እሷም የኔን ሰምታ ልትስቅ ደርሳ ክንዴን ያዘች።

«በሩን ዘግተን ተቀመጥን» ስንል ዱቅ ዱቁ ቆመ።

አቁሙ ያለን የለም፣ ሁላችንም ዝማሬውን አቆምን። ሕፃናቱም ዝም አሉ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሰውዬው ድምፅ ከደጅ መጣ፤ ማነሽ አንቺ፣ ምንድነው የምትወቅጪው። በርበሬ ነው ጋሼ። ብቻሽን ነሽ። ስድስት መቶ ሰው ትንፋሹን ይዞ፣ ብቻዬን ነኝ ስትል ሰማት።

አስነጠሰው። ደገመው። ሠለሰው።

«ይማርዎት» አለች ልጅቷ። «ይማርዎት» አለች እትዬ ደመቀች ከፊት ወንበር። አዳራሹም፣ አፉ የለመደው ነገር ስለሆነ ይሁን ሌላ አላውቅም፣ በአንድ ድምፅ ይማርዎት አለው።

ጫማው ራቀ። ጠበቅን። ስድስቱ ሳላቸውን ሲለቁት አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ ግማሹ እያለቀሰ ነው የሚስቀው። ዱቅ አለ እንደገና፣ ዱቅ፣ ዱቅ፣ እኛም ካቆምንበት «አንተ ግን መሃላችን ነህ» ብለን ገባን፤ በዚህ ጊዜ ዝቅ ያደረገ ሰው አልነበረም።

ሲያልቅ ፌበን ሮጣ ወርዳ እትዬ ደመቀችን አቀፈቻት። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ፣ ወንበር ላነሳ። አሮጊቷ ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር።

«አለሁበት አላልኳችሁም?» አለች።

«ብለሽናል እትዬ» አለች ፌበን። «ብለሽናል።»